የማዳበሪያው ሰው

ፈንቴ ከጎጃም ደጋ ወደ መተማ ዮሐንስ የወረደው ለአንድ የሰሊጥ አጨዳ ብቻ ነበር። ካላዛር የሚሉት የቆላ በሽታ ያዘውና ያገኘው ሁሉ በመድኃኒት አለቀ፤ ባዶ እጁን ወደ አገሩ መመለስ ደግሞ አሳፈረው። እናም ከሱዳን ድንበር ኬላ ወዲህ አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ማደር ጀመረ፣ ማደሩም ዓመታት ሆነው። ለእናቱ ለአየሁሽ ግን ሁለት ክፍል ቤት ሠርቻለሁ ብሎ በስልክ ነገራት። ምን ያድርግ? ውሸት አንዴ ከወጣ በር ይፈልጋል፣ መስኮት ይፈልጋል። በደወለ ቁጥር አንዳንድ ሲጨምርለት፣ መጨረሻ ላይ ግቢና የሎሚ ዛፍ ሁሉ አበጀለት።

መንገደኛ በረንዳ ላይ የተኛን ሰው ተራምዶት ያልፋል እንጂ አያየውም። ይህ ነገር ፈንቴን ያንገበግበው ነበር። አንድ ቀን ተነሣና ከወዳደቀ ዕቃ ሰው ሠራ። ገላውን ከተቀዳደደ ማዳበሪያ፣ እጅና እግሩን ከጎማ ላስቲክ፣ ጭንቅላቱን ከተሰነጠቀ ጀሪካን አበጀና፣ የቀን ሠራተኞች ጥለዋቸው የሄዱ ሁለት የማይገጥሙ ጫማዎች አጫማው። ጉልበቱን አጥፎ፣ ክንዱን አንተርሶ አስተኛው። ከራሱ የሰጠው ሸሚዙን ነው፤ እናቱ በእጇ ክርኑን በቁራጭ ጨርቅ ጥፋ የላከችለትን። ለሰው ያልቆመ ሁሉ ለማዳበሪያ ቆመ፤ ፎቶም አነሣ። ባጃጆች ቦታውን «የፈንቴ ሰው ጋ» ይሉት ጀመር። ስሙን አወቁት እንጂ የራሱን የፈንቴን መልክ ልብ ያለው አልነበረም።

አየሁሽ የልጄን ቤት ሳላይ አልሞትም ብላ፣ ሳትነግረው በአውቶቡስ ወረደች። ፈንቴ የት ነው ብላ የጠየቀችው ባለባጃጅ በረንዳው ፊት አውርዷት ሄደ። ፈንቴ ባዶ ማዳበሪያ ለቅሞ ሊሸጥ ወጥቷል። እሷ ያየችው የተኛውን ምስልና ሸሚዙን ነው። በእነሱ አገር ሰው ርቆ ሲሞትና ሬሳው ሳይመጣ ሲቀር፣ ምስል ሠርተው ልብሱን አልብሰው ያለቅሱለታል። ታዲያ ሌላ ምን ታስብ?

ፈንቴ ሸክሙን ይዞ ሲመለስ ሰው ተሰብስቧል፤ ከደጋ መጥተው እዚያው የሚኖሩ ሴቶች ደረታቸውን ይደቃሉ። ማን ሞቶ ነው ብሎ አንዱን የቀን ሠራተኛ ጠየቀው። ፈንቴ የሚባል ልጅ ነው አሉ፣ እናቱ ዛሬ ገና መጥታ ነው፣ አለው።

ከሰው ኋላ ቆሞ ሰማት።

«ባለ ቤቱ ልጄ፣» ትላለች እናቱ፣ «ባለሎሚ ግቢው ልጄ፣ በሰው ደጅ ያልወደቅኸው ልጄ።»

እውነት ለመናገር፣ ዝም ሊል ፈልጎ ነበር። ዝም ቢል ባለ ቤት ሆኖ ሞቷል፤ እሷም አንገቷን ሳትደፋ ታለቅሰዋለች። ወደ ኋላ ማለት ጀመረ። ያኔ አየሁሽ ምስሉን አንሥታ እንደ ሕፃን አቀፈችውና፣ ምነው እንዲህ ቀለልህብኝ አለች። ይኼን አንጀቱ አልቻለም።

«እማዬ፣ አልሞትሁም፣» አላት።

ፊቱን ዳበሰች፣ በጥፊ መታችው፣ መልሳ ሳመችው። ሴቶቹ እልል አሉ። እሷ ግን ክንዱን ተደገፈች።

«በል ቤትህ አስገባኝ፣ ልረፍበት።»

እልልታው ቆመ። ፈንቴ ምስሉን ከእቅፏ ተቀበለ። ሸሚዙን አወለቀለት፣ ጭንቅላቱን ነቀለ፣ ሆዱን ተረተረና ማዳበሪያውን በረንዳው ላይ አነጠፈ። ሸሚዙንም አጥፎ ትራስ አደረገላት።

አየሁሽ ማዳበሪያውን አየች፤ እሱን አየች። ከዚያ ጫማዋን በረንዳው ሥር አወለቀች።

«ቤትህን ይባርክልህ፣ ልጄ፣» ብላ ጋደም አለች።

ፈንቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ።