ታወር ስልሳ ሦስት

ስድስተኛው ሚስማር ባዶ ነበር።

የፕሮጀክቱ ዕቃ ቤት ከአሮጌ ኮንቴይነር የተሠራ ነው። ግድግዳው ላይ ስድስት ሚስማር አለ፤ በየሚስማሩ ሦስት ሦስት ወፍራም የመዳብ ገመድ ይንጠለጠላል። ሠራተኛ ታወር ላይ ሲወጣ የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹን በእነዚህ ገመዶች ከመሬት ጋር ያስራቸዋል፤ ባልታሰበ ሰዓት ኃይል ቢመጣ በሰውዬው ፈንታ መሬት እንድትቀበለው። ኧርዝ እንላቸዋለን። ማታ ስድስቱም ሚስማር ካልሞላ መስመሩ ላይ የቀረ ነገር አለ ማለት ነው። ይህን የሚቆጥር፣ የሚጽፍና የሚፈርም አንድ ሰው ነው፤ እሱም እኔ ነኝ።

ስሜ ትሕትና ይባላል። እናቴ ስታወጣልኝ ገና አላወቀችኝም ነበር። አሥረኛ ክፍል ላይ ፈተና ጣለኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም አላስተማረኝም፤ መሐንዲሶች ጥለዋቸው የሚሄዱትን መጻሕፍት በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ነው ስለ ኤሌክትሪክ ያወቅሁት። ከዳባት ወደ ደባርቅ የሚመጣው አዲሱ የከፍተኛ ኃይል መስመር ሲጀመር መዝጋቢ ሆኜ ተቀጠርሁ። በስምንት ወር አንድ ስህተት አልጻፍሁም። ፎርማናችንን ፍቅረ ሥላሴን ሰው ፊት "አንተ እኮ ጣትህን ብትቆጥር አንድ ይጎድልሃል" ብዬዋለሁ።

አሁን ስድስተኛው ሚስማር ባዶ ነው። መዝገቤ ላይ ግን በገዛ እጄ "ስድስት፣ ሙሉ" ተብሎ ተጽፏል።

ቀኑ ኅዳር ሚካኤል ነበር፤ መስመሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ኃይል የሚገባበት ቀን። ቀኑን የመረጠው የፕሮጀክቱ ኢንጂነር ዓለምብርሃን ነው። ካላንደሩ ላይ ቀይ አይደለም፤ ግን በሚካኤል ዕለት ገበሬው ሽቦ ሥር አያጭድም፣ ሠራተኛውም ቤተ ክርስቲያን ነው የሚውለው። ከዚህ የተሻለ ባዶ ቀን ከየት ይገኛል? ትናንት "መስመሩ ላይ ሰው ሊኖር ይችላል?" ሲለኝ ሳቅሁበት።

"ኢንጂነር፣ በዚህ አገር በኅዳር ሚካኤል የሚያፈስ ጣራ ላይ እንኳ የሚወጣ የለም።"

እሱም ሳቀ። መስመሩ ነጻ ነው የሚለውን ወረቀት ሰጠኝ፤ ፈረምሁ።

ችግሩ ከመፈረሜ በፊት የሆነው ነው። ታላቅ ወንድሜ ክንዴ ታወር ላይ ከሚወጡት አንዱ ነው፤ ድቁናም አለው። ትናንት ማታ ከሥራ ሲመለስ የዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣

"እህትዓለም፣ የታወር ስልሳ ሦስቱ ኧርዝ መኪናው ላይ ነው። ጻፊልኝ። ለዋዜማው ከበሮ የምመታው እኔ ነኝ፤ ካህናቱ እየጠበቁኝ ነው" አለኝ።

"ሳላይ አልጽፍም።"

"ማንን ነው የማታምኚው? እኔን ነው ሚካኤልን?"

"አንተን። ሚካኤልማ ገመድ ረስቶ አያውቅም።"

ሳቀና እየሮጠ ሄደ። እኔም ጻፍሁ። አላየሁም፤ ጻፍሁ።

በማግስቱ ጧት ነጭ ቀሚሴን ለብሼ ዕቃ ቤቱን የከፈትሁት መዝገቡን ለመውሰድ ብቻ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡት ኃላፊዎች አያያዙን እንዲያዩት አምጪው ተብዬ ነበር፤ እየኮራሁ ነው የመጣሁት። ባዶውን ሚስማር ሳይ መጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ራሴ ነው፤ ልዋረድ ነው አልሁ። ወጥቼ የታወር ወጪዎቹ ቀበቶ የሚሰቀልበትን መደዳ አየሁ። የክንዴ ቀበቶ የለም። በቦታው ነጠላውና ጃኬቱ ተሰቅለዋል።

ደወልሁለት። ስልኩ እዚያው አጠገቤ፣ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ጮኸ።

ኮንቴይነሩን ተደግፌ ቆምሁ። ሁሉም ነገር ገባኝ። ገመዱ መኪናው ላይ አልነበረም። ክንዴ ይህ ትዝ ያለው ከቅዳሴ ሲወጣ መሆን አለበት። ገመዱ እንደታሰረ ኃይል ቢገባ መስመሩ በኃላፊዎቹ ፊት ፈንድቶ ይቋረጣል፤ ፊርማው የማን ነው ይባላል፤ የእኔ። ሊያድነኝ ሄዷል፤ ገመዱን ሲፈታ ግን እሱን የሚያድነው የለም። በሚካኤል ዕለት መሥራት ነውርም ኃጢአትም ስለሆነ ለማንም አልተናገረም።

ጊዜ አለኝ ብሎ ይሆናል። እሱ የሚያውቀው ኃይሉ የሚገባው ዘጠኝ ሰዓት ላይ መሆኑን ነው። ግን ኃላፊዎቹ ጎንደር አውሮፕላን ይጠብቃቸዋል ተብሎ ዛሬ ጧት ወደ አምስት ሰዓት ተለውጧል። ለእኔ ተደወለልኝ። ለወጪዎቹ ማንም አልነገራቸውም፤ መስመር ላይ ለሌለ ሰው ምን ተብሎ ይነገራል?

ሰዓቴን አየሁ። አራት ሰዓት ከሃያ አምስት።

ኢንጂነሩ ጋ ደወልሁ። አይገባም። ደግሜ ደወልሁ። ከተማው ሙሉ ታቦቱን በስልኩ ይቀርጻል፤ ኔትወርክ ከየት ይምጣ! ታወር ስልሳ ሦስት በእግር ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። ማከፋፈያ ጣቢያው ግን ከከተማው ማዶ፣ በዳባት መውጫው ላይ ነው። መዝገቡን ታቅፌ ሮጥሁ።

አስፋልቱ ነጭ ሆኗል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰው። ባጃጅ የለም። እየገፋሁ፣ እየተሰደብሁ መሐል ድረስ ደረስሁ፤ ከዚያ በላይ የሚያስገፋ አልነበረም። ታቦቱ መንገዱ ላይ ቆሟል። ካህናቱ ይዘምራሉ፣ ሕዝቡ ተንበርክኳል። ከታቦቱ ፊት ያለው ባዶ ምንጣፍ ብቻ ነው ወደ ማዶ የሚያሻግር። በዚያ ሴት ቀርቶ ካህን በጫማው አያልፍም።

ከበሮው ዱም ይላል። ክንዴ የሚመታው ከበሮ ነበር፤ ዛሬ ሌላ ሰው ይዞታል። ዱም። በእያንዳንዱ ምት ውስጥ ሽቦው ላይ የተዘረጋውን የወንድሜን እጅ አየሁት።

ጫማዬን አውልቄ ምንጣፉን በሩጫ አቋረጥሁ።

ሕዝቡ "ኧ!" አለ። አንዲት አሮጊት ቀሚሴን ያዙ፤ የሰፈራችን እማማ አረጋሽ ናቸው። "አንቺ ልጅ! ታቦት ፊት? ምን ነካሽ?"

"ክንዴ ሊሞትብኝ ነው፣ እማማ!"

ለቀቁኝ። ከኋላዬ "ሚካኤል ይቅደምሽ!" ሲሉ ሰማሁ።

የጣቢያው በር ላይ ዘበኛው ጋሽ ታደለ ዱላቸውን አጋድመው ቆሙ። አዲስ ኮት ለብሰዋል።

"ጫማሽስ? ትልልቅ ሰዎች አሉ፣ እንዲህ ሆነሽ አትገቢም።"

"ጋሽ ታደለ፣ መስመር ላይ ሰው አለ!"

"ዛሬ? ኧረ ተይ፣ ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው!"

የራሴን ቃል ነው የመለሱልኝ። በዱላው ሥር ሾልኬ ገባሁ።

የመቆጣጠሪያው ክፍል በሱፍ ልብስ ተሞልቷል። ኢንጂነር ዓለምብርሃን የጣቢያውን ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ ያወራል፤ ኃይሉን የሚለቁት በዳባት በኩል ነው። "አዎ፣ መስመሩ ነጻ ነው፤ የተፈረመ ወረቀት አለኝ" ይላል። ወረቀቱ እጁ ላይ ነው።

"ውሸት ነው!" አልሁ። ድምፄ የእኔ አልነበረም። "ሳላይ ነው የፈረምሁት። ስልሳ ሦስት ላይ ሰው አለ። ወንድሜ ነው።"

ኢንጂነሩ ወረቀቱን፣ ባዶ እግሬን፣ ፊቴን አየ። ከዚያ በስልኩ ጮኸ፤ "አቁሙ! ዳባት፣ አታስገቡ! ሰው አለ!"

መልስ የለም።

"ዳባት? ትሰሙኛላችሁ?"

የሚሰማው ሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። ከፊታችን ባለው ስክሪን የመስመሩ ኃይል ይነበባል፤ ዜሮ። ኃይሉ ከገባ ቁጥሩ ይዘላል። ዓይኔን ዜሮው ላይ ተከልሁ። ብጨፍን የሚዘል መሰለኝ። አንድ ጊዜ ብልጭ አለ። ዜሮ ነው። ዜሮ። በሕይወቴ የተማርሁት ሁሉ ጠፍቶብኝ "በእንተ ማርያም" እያልሁ ነበር፤ ሲነግሩኝ ነው ያወቅሁት።

"ሃሎ? ደባርቅ?" አለ የዳባቱ ሰው። "ተቋረጠብኝ እኮ። ምን አላችሁ? እጄ ቁልፉ ላይ ነው፤ ላስገባ?"

"አታስገባ! እጅህን አንሣ!"

"እሺ፣ እሺ። አነሣሁ። ምን ያስጮህሃል?"

በፒክአፑ ወደ ስልሳ ሦስት በረርን። ታወሩ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው፤ ከሥሩ የታጨደ ገብስ ተከምሯል። ክንዴ እላይ፣ ሁለቱን ገመዶች በጠፍር አውርዶ ሦስተኛውን እየፈታ ነበር። ልጮህ አፌን ስከፍት ኢንጂነሩ እጄን ያዘኝ፤ "ተይ፣ ይደነግጣል። ጨርሶ ይውረድ።"

ሲወርድ እያንዳንዱን እርምጃ ቆጠርሁ። መቶ አራት።

"ምነው ሁላችሁ?" አለ መሬት ሲረግጥ፣ እየሳቀ። "ኃጢአቴን ልትመሰክሩ መጣችሁ?"

ደረቱን በቡጢ መታሁት። "ሰዓቱ ተለውጧል!"

"ለስንት?"

"ለአምስት።"

የኢንጂነሩን የእጅ ሰዓት ሰርቆ አየ። አምስት ሰዓት ከሃያ ይላል። ሳቁ ፊቱ ላይ እንደተቀመጠ ደሙ ብቻ ሄደ። የታወሩ እግር ላይ ቁጭ አለ።

ኢንጂነሩ እስክሪብቶ ሰጠኝ። "የትናንቱን ሰርዢው። እውነቱን ጻፊ።" ሰረዝሁና "አምስት። ስድስተኛውን ሳላይ ጻፍሁ" ብዬ ጻፍሁ። መዝገቡን ወሰደብኝ። "ከዛሬ ጀምሮ የሚቆጥረው ፍቅረ ሥላሴ ነው።"

አልተከራከርሁም። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ፍቅረ ሥላሴ ከነነጠላው መጣ። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ገመዶቹን አንድ በአንድ እየነካ ቆጠረ። "አሥራ ስምንት" አለና ዞር ብሎ አየኝ። "ጣቴም አልጎደለም።" ይገባኛል።

ኃይሉ አሥር ሰዓት ላይ ገባ። ከጣቢያው በር አጠገብ ባለው የመጨረሻው ታወር ሥር ቆመን ነበር። ሽቦው ንብ እንደሰፈረበት ማጉረምረም ጀመረ፤ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለው መጽሐፍ ላይ አንብቤ ነበር፣ ፀጉር እንደሚያቆም ግን አልተጻፈም። አውሮፕላናቸው ያመለጣቸው ኃላፊዎች አጨበጨቡ። ክንዴ አጠገቤ ነው፤ እጅጌውን በሁለት እጄ ይዤዋለሁ።

ቢሆንም ቀና ብዬ ታወሩን ከአናቱ እስከ እግሩ ፈተሽሁት። ሰው የለም። እንደገና ከአናቱ ጀመርሁ።