ክቡ የናስ እጀታ

ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው የበሩን እጀታ ነው። አመሌ ነው፣ ምን ላድርግ! ቤታችንን ስናድስ ባለቤቴ ቀለሙንም ንጣፉንም መረጠ፤ "የበሩን ዕቃ ግን ለእኔ ተወው" አልኩት።

ሦስት ሳምንት ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ያገኘሁትን ሁሉ በመዳፌ እመዝናለሁ፤ ከቀለለኝ ውስጡ ባዶ ነው፣ ዓመት ሳይሞላው ይወላልቃል። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ባለሱቅ ከመሳቢያ ውስጥ ክብ እጀታ አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ድፍን ናስ ነው፤ ለስላሳ፣ ከበድ ያለ፣ እንቁላል የሚያህል። በፍቅሩ ክንፍ አልኩ።

"ቤት ውስጥ እነማን አሉ ልጄ?" አሉኝ።

"ውይ አባባ፣ ለበር እጀታም የቤተሰብ ቆጠራ አለ እንዴ?"

ሳቁ። "ይሄ ጨብጦ መጠምዘዝ ይፈልጋል። ወደ ታች የሚጫኑት ዓይነትም አለ፤ እሱ ለማንም እጅ ይሆናል።"

አየሁት፤ የቢሮ በር አስመሰለብኝ። "እሱን ለሌላ ይሽጡልኝ" ብዬ ለአምስቱም በሮች ክቡን ገዛሁ።

እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ሠላሳ ዓመት ታይፒስት ነበረች፤ እኔን ያስተማረችኝ በእነዚያ ጣቶች ነው። አሁን ቁርጥማት አጣሞባታል። አላውቅም ነበር ልበል? ጠዋት ጠዋት ቅባት የማሻት እኔው ነኝ!

እጀታዎቹ የተገጠሙ ቀን እማዬ ዳበስ ዳበስ አድርጋ፣ "ወርቅ ነው የሚመስለው" አለችኝ። እኔማ በሩ ሲዘጋ "ጠቅ" የምትለዋን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እንደ ልጅ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን የመታጠቢያ ቤቱን በር ገርበብ አድርጋ ብትተወው፣ "እማዬ፣ ዝጊው እንጂ! ይሄን ሁሉ የለፋሁት ክፍት እንዲውል ነው እንዴ?" አልኳት። ይቅርታ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወዲህ እኔና ባለቤቴ ወደ ሥራ ስንወጣ እሷን ሳሎን አስቀምጬ፣ ኮሪደሩ ላይ ያሉትን በሮች ሁሉ ጠቅ፣ ጠቅ እያደረግሁ ዘግቼ ነበር የምሄደው።

ቀስ በቀስ ሻይዋን መተው ጀመረች። ማታ ስመለስ ፔርሙሱ እንደሞላሁት ይጠብቀኛል። "አላሰኘኝም" ትለኛለች። "ልጅ ሆንሽ እንዴ?" ብዬ እቆጣታለሁ። በሁለተኛው ወር ከወንበሯ ስትነሳ ዞሮባት ወደቀች። ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ ወደ እኔ ዞረ። "እናትሽ ውሃ አይጠጡም? ኩላሊታቸው እየተጎዳ ነው፤ እንዲህ ከቀጠሉ እናጣቸዋለን።"

መኪና ውስጥ ስንገባ ፈነዳሁ። "ምን ጎደለብሽ? ውሃ መጠጣት ምኑ ይከብዳል?"

እማዬ እጆቿን ሻርፗ ሥር ደበቀች። "መጠጣቱስ አይከብድም። እናንተ ስትወጡ የመታጠቢያ ቤቱ በር እምቢ ይለኛል። በሁለት እጄም፣ በቀሚሴ ጫፍ ይዤም ሞከርኩት። አንድ ቀን ሳልከፍተው አመለጠኝ። ኮሪደሩን ወልውዬ፣ ሳሎን ታጥፎ ከተቀመጠው ልብስ ቀይሬ ጠበቅኋችሁ። ከዚያ እናንተ እስክትመጡ አለመጠጣት ይሻላል አልኩ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንዲያ ወደሽ የመረጥሽውን?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለእናቴ ውሃ የከለከልኳት እኔ ነኝ፤ ያውም እየተቆጣኋት።

በማግስቱ ሱቁ ሄድኩ። "የሚጫኑትን፣ አምስት" አልኳቸው። ሽማግሌው ቆጥረው ብቻ ሰጡኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የመታጠቢያ ቤቱን እጀታ ማንንም ሳልጠራ፣ ካቻቢቴ ይዤ ራሴ ቀየርኩት። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ውሃ ሞልቼ ለእማዬ ሰጠኋት። ከንፈሯ ጋ አድርሳ መለሰችው።

"ጠጪ እንጂ እማዬ፣ እኔ አለሁ።"

"ቆይ፣ መጀመሪያ በሩን ልሞክረው።"

ቀስ እያለች ሄደች። በክርኗ ጫን አለችው፤ ተከፈተ። ዘጋችው፤ ደግማ ከፈተችው። ሦስት ጊዜ። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠችና ብርጭቆውን ጭልጥ አደረገችው።

"ያኛው ግን" አለች አፏን እየጠረገች፣ "እውነትም ወርቅ ነበር የሚመስለው።"

እኔን ለማጽናናት ብላ ነው። ብርጭቆውን ተቀብያት ልሞላላት ዞርኩ፤ ዓይኗን የማይበት ዓይን አልነበረኝም።