ፍሬን የሚረግጥ ሰው

ልብስ ሰፊዋ ጨርቅ ገዝታ ስትመለስ የመኪናዋ ፍሬን ጭቃ የረገጠች ያህል ከእግሯ ሥር ስምጥ አለባት። ደግነቱ ዳገት ላይ ነበረች። በእጅ ፍሬን እያዘገመች ግቢ ደረሰችና ጎንበስ ብላ ብታይ፣ በኋላው ጎማ በኩል ዘይት ይንጠባጠባል።

ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጇ በስልክ፣ "እማዬ፣ ለምን መካኒክ አትጠሪም?" አለቻት።

"መካኒክማ ቶሎ ጨርሶ ይሄዳል። ከዚያ እሑዱን ምን ላድርገው?"

ልጅቷ ሳቀች። እናትየው ግን የምሯን ነበር።

ባሏ በሕይወት ሳለ እሱ ከሥር ተኝቶ፣ እሷ መሪው ጋ ተቀምጣ ነበር መኪናዋን የሚጠግኗት። "ርገጪ! ያዢ! ልቀቂ!" ይላታል። ያለ ክርክር የምትታዘዘኝ እዚህ ወንበር ላይ ብቻ ነው እያለ ሰው ፊት ያሾፍባት ነበር።

ጎማውን ለመፍታት የክንዷ ጉልበት ስላልበቃ ቁልፉ ላይ ወጥታ በክብደቷ ረገጠችው። የተቀደደውን የዘይት ቱቦ የያዘው የዛገ ብሎን ግን ንቅንቅ አልል አለ። ናፍጣ አጠጣችው፣ ለመነችው፣ ሰደበችው። በመጨረሻ ድንገት ሲለቅ ጣቷ ብረት ላይ ተላጠ። ደሟን በቁራጭ ጨርቅ ጠምጥማ ገዝታ ያመጣችውን አዲስ ቱቦ አሰረች፤ ዘይትም ሞላች።

ቀሪው ቱቦው ውስጥ የገባውን አየር ማስወጣት ነው። እሱ ደግሞ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ከላይ ይረግጣል፣ ሌላው ከሥር ትንሿን ብሎን ይከፍታል። በመቀመጫውና በፍሬኑ መሀል ዱላ ወጠረች፤ ዱላው ሸርተት አለ። ረግጣ ወደ ሥር ብትሮጥ፣ አየሩ ቀድሟት ይመለሳል። መሬት ላይ ቁጭ አለች። የስንቱን ትከሻና ወገብ በልኬት ታውቃለች፤ በእሑድ ከሰዓት በኋላ ና ብላ የምትጠራው ግን አንድም ሰው በሐሳቧ አልመጣላትም።

ከግድግዳዋ ማዶ አንድ ሽማግሌ ይኖራሉ፤ የማተሚያ ቤት ጡረተኛ ናቸው፣ ጆሯቸውን ማሽን ያደነቆረባቸው። ከሰላምታ አልፈው አያውቁም። እጇ ዘይት በዘይት ስለሆነ በራቸውን በክርኗ መታች።

"ጋሼ፣ እግርዎን ላስቸግር ነበር።"

"ምኔን?"

"እግርዎን!"

ነገሩ ሲገባቸው ተመልሰው ገብተው ኮትና ቆዳ ጫማ አድርገው ወጡ። "ሰው ጠርቶኝ በነጠላ ጫማ እወጣለሁ እንዴ?" አሏት።

"ይያዙ!" ብላ ስትጮኽ፣ "ልልቀቅ?" ብለው ይለቃሉ። ሁለት ጊዜ ከሸፈ። ኋላ የመኪናዋን ሆድ በቁልፍ መምታት ጀመረች፤ አንዴ ስትመታ ይረግጣሉ፣ ሁለቴ ስትመታ ይለቃሉ። እዚያ ሥር ሆኖ ከላይ ያለው ሰው አይታይም። መቀመጫው ሲጢጥ ሲል ብቻ ይሰማል። ባሏ ያኔ ከሥር ተኝቶ ይሰማው የነበረውን ድምፅ ስትሰማ እጇ ቁልፉን እንደያዘ ቀረ።

"ልጄ፣ አለሽ?"

"አለሁ፣ ጋሼ።" ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ ደግማ መታች።

አረፋው እያነሰ ሄዶ ጥርት ያለ ዘይት ወረደ። "ድንጋይ ሆነ!" አሉ ሽማግሌው ከላይ።

ወጥታ አመሰገነቻቸው። እሳቸው ግን አልወረዱም፤ መሪውን እንደያዙ፣ "ሌላ ጎማ የለም?" አሉ።

የቀሩት ደህና ናቸው ልትል ነበር። ከላይ እስከ ታች የተቆለፈውን ኮታቸውን አየችና፣ "የፊቱንም ብናየው አይከፋም" ብላ ተመልሳ ተኛች።

ሁሉንም ጎማ አዳረሱ። ሌላ አየር አልወጣም። ጀንበር ስታዘቀዝቅ እሳቸው ወደ ቤታቸው፣ እሷም ወደ ቤቷ ገባች። እጇን እየታጠበች ሳለ ከግድግዳው ማዶ ሽማግሌው ሲያወሩ የሰማች መሰላት። ውሃውን ዘግታ አዳመጠች። ከግድግዳው በሁለቱም በኩል የሚያወራ ሰው አልነበረም።