ማዞርና መገልበጥ

በስክሪኑ ላይ የሚታየው ሕንፃ ገና አልተሠራም፤ ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ብቻ ነው። ደረጃውም መስኮቱም ልክ ሆኖ ሳለ በሩ ላይ የተጻፈው «እንኳን ደህና መጡ» ግን እግሩን ሰቅሎ ተዘቅዝቋል።

«ከሰዓት ባለሕንፃዎቹ ይመጣሉ» አለ አለቃው። «ይህን ያስተካከለ ራሱ ገብቶ ያሳያቸዋል።»

ሰውየው ጥጉ ላይ ሆኖ ሰማ። እዚህ አራት ዓመት ሲሠራ በመስታወቱ የስብሰባ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አያውቅም። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ፣ ድሮ ቆርቆሮ ላይ የሱቅ ማስታወቂያ ይጽፍ የነበረ፣ ኮድ ለብቻው የተማረ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ፊደል የተቀረጸበትን ካርቶን በጀርባው ለጥፎ የፋርማሲ ስም ገልብጦ ቀብቷል፤ ያኔ ሰፈሩ የሳቀው ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮው ላይ አለ።

ባለዲግሪው ኢንጂነር ጽሑፉን ግማሽ ዙር አዞረው። ፊደሎቹ በእግራቸው ቆሙ፤ ግን መስታወት ውስጥ እንደሚታይ ጽሑፍ ግራና ቀኛቸው ተለዋወጠ።

«ማዞርና መገልበጥ ለየቅል ናቸው» አለ ሰውየው።

«ጋሼ ደግሞ፣ ቆርቆሮ መሰለዎት እንዴ?» አለ ኢንጂነሩ።

ክፍሉ ሳቀ።

ለምሳ ሲወጡ ብቻውን ቀረ። ወረቀት ላይ ጽፎ ከመስኮቱ አስጠጋ፤ አዞረው፣ ገለበጠው። ገባው። የጽሑፉ ምስል ከላይ ወደ ታች ይቆጥራል፣ ሕንፃውን የሚስለው ፕሮግራም ደግሞ ከታች ወደ ላይ፤ እንደተኳረፉ ጎረቤታሞች። የኢንጂነሩን ዙር ሰረዘና ቁመት በሚቆጥረው መስመር ላይ አንዲት የመቀነስ ምልክት አስገባ።

«እንኳን ደህና መጡ» አለው በሩ። በዚያን ቀን በደግ ያነጋገረው እሱ ብቻ ነበር።

የሚደውልለት ሰው ፈለገ። ትዝ ያለችው እህቱ ብቻ ናት፤ እሷም ካኮረፈችው ሁለት ዓመት አለፈ። ስልኩን ኪሱ መለሰ።

ከምሳ ሲመለሱ አለቃው በሩን አይቶ «ጎበዝ!» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገና ወደ ኢንጂነሩ ዞረ። «አንተ አቅርበው፤ አንደበት ይፈልጋል።»

የተማረ ይግደለኝ ሲባል ይሰማ ነበር፤ ይኸው ገደለው።

እንግዶቹ ሲያጨበጭቡ በመስታወቱ አሻግሮ አየ፤ ድምፁ አልደረሰውም። ኢንጂነሩ አንገቱን በበሩ ብቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ አንድ ወንበር ያቀብሉን፤ አለቃ ቆመዋል።»

ወንበሩን ተሸክሞ ገባ። ከጠረጴዛው አጠገብ አስቀመጠው። ተቀመጠበት።

የአለቃው እጅ ወደ መደገፊያው እንደተዘረጋ ቀረ።

«ቀጥል እንጂ ልጄ» አለ ሰውየው፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። «በሩ ጋ ደርሰህ ነበር።»