ያልተሰናበቱ ሠራተኞች

ፋዱማ ስልክ ስትደውል ሰላምታ አታበዛም። «ወተቱ እየሞቀ ነው፤ ነይ» አለችና ዘጋችው።

ኪንሲም ምን ወተት ብላ አልጠየቀችም። ላፕቶፗን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ከመጋላ ሰፈር ባጃጅ ያዘች። ፋዱማ የአባቷ እህት ናት፤ ኪንሲ «ኤዶ» ብላ ነው የምትጠራት። መልካ ጀብዱ መግቢያ ላይ የግመል ወተት ማቀዝቀዣ ጣቢያ አላት፤ ሴቶች ከየገጠሩ በቢጫ ጀሪካን የሚያመጡት ወተት እዚያ ትልቅ ታንከር ውስጥ ቀዝቅዞ ለገበያ ይጫናል። ከታንከሩ ጎን፣ ግድግዳው ላይ፣ ሳሙና የምታህል ኮምፒውተር ተሰቅላለች። በቀጭን ገመድ የወተቱን ሙቀት ትለካለች፤ ሲሞቅ ማቀዝቀዣውን ታስነሳለች። ኪንሲ የጻፈችው ፕሮግራም ያለው በዚያች ኮምፒውተር ከርነል ውስጥ ነው። ከርነል ማለት ሌላው ፕሮግራም ሁሉ የሚታዘዝለት የሲስተሙ እምብርት ነው። እዚያ ውስጥ ከጀርባ ሆኖ ሙቀቱን ሳያቋርጥ የሚጠይቅ አንድ ትሬድ አስቀምጣለች። ለፋዱማ ስታስረዳት ግን ትሬድ ማለቱን ትታ «ሠራተኛ» ብላት ነበር።

ጣቢያው ስትደርስ ሴቶቹ ጥላ ሥር ተሰልፈዋል። ሃሊሞ የምትባለው ብቻ ከሰልፉ ወጥታ ጀሪካኗ ላይ ተቀምጣለች።

«ከግመሏ ሲወጣ አልጎመዘዘም» አለቻት ኪንሲን፣ ሳትጠየቅ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ትናንት የተጫነው ወተት ጎምዝዞ ተመለሰ። የመጨረሻዋ አስረካቢ ሃሊሞ ስለነበረች፣ ያደረ ወተት ቀላቅላለች ተባለ። ማን እንዳለው አይታወቅም፤ ሁሉም ግን ሰምቷል።

ኪንሲ ላፕቶፗን ከኮምፒውተሯ ጋር አገናኝታ፣ በሥራ ላይ ያሉትን ትሬዶች አሳዪኝ አለቻት። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች ሞላ። ሁሉም ስማቸው አንድ ነው።

«ስንት ሠራተኛ ነው ያለሽ?» አለች ፋዱማ ከትከሻዋ በላይ እያየች።

«የቀጠርኩት አንድ ነው። ኤዶ፣ ይሄን የሙቀት መለኪያ ገመድ የሚነቅለው አለ?»

ፋዱማ ወደ ግድግዳው አየች። «ስልኬ ባትሪ ሲጨርስ እኔ ነኝ። መሰኪያው አንድ ነው። ግን እመልሰዋለሁ።»

«በመለስሽው ቁጥር አዲስ ሠራተኛ ይቀጠራል። የድሮውን ግን ሂድ የሚለው የለም። እኔ አልጻፍኩትም። ሁሉም የሌለ ገመድ እየጠየቁ ኮምፒውተሯን ያደክሟታል፤ ለእውነተኛው ሠራተኛ ተራ አይደርሰውም። ማቀዝቀዣውም ዘግይቶ ይነሳል።»

ፋዱማ ወደ በሩ ዞረች። በሩ ላይ ሦስት ዘበኞች ተቀምጠዋል። አንዱ ለዘመድ ሰርግ ሲሄድ ሌላ ይቀጠራል፤ የሄደው ሲመለስ ደግሞ ማን ደፍሮ ያሰናብተዋል?

«ምን ችግር አለው?» አለች።

«የአንቺዎቹ ይተኛሉ። የእኔዎቹ አይተኙም።»

ኪንሲ ተቀምጣ ጻፈች። ሠራተኛው መልስ እስኪመጣለት እንዲተኛ አደረገች። ገመዱ ሲነቀል ደግሞ «አቁም» ይባላል፤ ኮምፒውተሯም እሱ እስኪወጣ ትጠብቃለች። አዲሱን ጭና ስትጨርስ ፋዱማን ንቀይው አለቻት። ፋዱማ ነቀለችው።

ሁሉም ነገር ቀጥ አለ። የማቀዝቀዣው ድምፅ ጠፋ። ከውጭ የባጃጅ ጡሩምባ ብቻ ይሰማል።

«ምን ሆነ?»

«አቁም ተብሏል።»

«እና?»

«ተኝቷል።»

«ቀስቅሺው እንጂ!»

«ተቀስቅሷል፣ ኤዶ። ይነቃና ሙቀት መጣልኝ ወይ ብሎ ያያል። ገመዱ ተነቅሏል፣ ከየት ይምጣ? ተመልሶ ይተኛል። ኮምፒውተሯ ደግሞ እሱ ካልወጣ አልንቀሳቀስም ብላለች።»

ፋዱማ ትንሽ አሰበች። «ባሌን ይመስላል» አለች።

ሰዓቱ ከቀትር በኋላ ነው፤ የጣሪያው ቆርቆሮ በሙቀት ይንጣጣል፣ ታንከሩ ውስጥ የዛሬው ወተት አለ። ፋዱማ ከዘበኞቹ ዐያንሌን ጠርታ የማቀዝቀዣውን የእጅ ማብሪያ ተጭኖ እንዲይዝ አደረገችው፤ ማቀዝቀዣው ተነሳ። አንዴ ያዘው ከተባለ አይለቅም ነበርና፣ ላቡ በአገጩ እየተንጠባጠበ እንደ ሐውልት ቆመ። ኪንሲ የጻፈችውን ከመጀመሪያው ጀምራ አነበበች። ዞር ባለች ቁጥር ሃሊሞ ጀሪካኗ ላይ እንደተቀመጠች ናት።

ስህተቱን ስታገኘው አንድ መስመር ነበር። ሠራተኛው ሲነቃ ሙቀት መጣ ወይ ብቻ ነው የሚያየው፤ አቁም ተብያለሁ ወይ ብሎ አይጠይቅም። በነቃ ቁጥር አስቀድሞ እሱን እንዲጠይቅ አደረገች። ገመዱን መልሳ ሰክታ፣ ኮምፒውተሯን አጥፍታ አስነሳችና አዲሱን ጫነችው።

ፋዱማ ገመዱን ነቀለች። ሠራተኛው ከስክሪኑ ጠፋ። ሰካችው፤ አንድ ሠራተኛ መጣ። አላመነችም። ነቀለች፣ ሰካች፣ ነቀለች፣ ሰካች። አንድ ብቻ ነው።

«ዐያንሌ፣ ልቀቀው» አለች። ዐያንሌ ለቀቀው። ማቀዝቀዣው ግን ያለ እሱ ማጉረምረሙን ቀጠለ።

ኪንሲ ወደ ሃሊሞ ሄደች። «ወተትሽ ደህና ነበር። ያበላሸው የእኔ ፕሮግራም ነው።»

«ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ?» አለች ሃሊሞ። በአገጯ ሰልፉን አሳየቻት። «እኔማ አውቃለሁ።»

ኪንሲ በሕይወቷ ከሰው ፊት ቆማ ተናግራ አታውቅም። ከርነል ውስጥ መሥራት የመረጠችው አንድም ለዚህ ነው። ሄዳ ከሰልፉ ፊት ቆመችና በሶማልኛ ተናገረች፤ ትናንት የጎመዘዘው ማሽኑ ስለተበላሸ ነው፣ ማሽኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ሃሊሞ የለችበትም።

ሴቶቹ ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«የማን ልጅ ናት?» አለች አንዷ።

«የወንድሜ» አለች ፋዱማ፣ ባይሆን ደስ እንደሚላት ሰው።

ሃሊሞ ተነሳች። ልብሷን አራገፈችና ጀሪካኗን አንስታ ሁሉንም አልፋ ታንከሩ ዘንድ ደረሰች። ተራሽ አይደለም ያላት የለም። ክዳኑን ከፍታ ወተቷን በዝግታ፣ ሁሉም እንዲያያት፣ እስከ መጨረሻው ጠብታ ገለበጠችው።