ከአሜን በኋላ ያልወረደ እጅ

ኦጎላ ወረቀቱን ሚልካ ጭን ላይ አስቀመጠ፤ እጁን ግን ከላዩ አላነሳም። ነፋስ እንዳይወስደው የያዘው ይመስላል። ነፋስ አልነበረም።

«የቀብሩ መርሐ ግብር አሁን ከኪሱሙ ማተሚያ ቤት ደረሰ» አላት። «አምስት መቶ ቅጂ ነው። ወረቀቱ ጥሩ ነው፤ ቀለሙም አይለቅም።»

ሚልካ ወረቀቱ ላይ የባሏን የማጋክን ፎቶግራፍ አየች። ትምህርት ቤቱ ለመታወቂያ ያስነሳው ነው። ፎቶ አንሺው ፈገግ እንዲል ሲጠይቀው ማጋክ «ለምን?» ብሎት ነበር፤ ፊቱ ላይ ያ «ለምን» እንዳለ ቀርቷል። ከፎቶው ስር የተወለደበትና የሞተበት ቀን አለ። ከዚያ ዝቅ ብሎ በትልልቅ ፊደል፣ «በመጨረሻዋ ሰዓት ጌታን ተቀብሎ ወደ ክብር የተጠራ» ይላል።

«ይሄን መስመር ማን አስገባው?»

«ኮሚቴው።»

ኮሚቴው ማለት ኦጎላ ራሱና ሁለት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ናቸው።

«ይውጣ ብዬህ ነበር። ማክሰኞ ዕለት።»

«ብለሻል፣ የኡጌንያ ልጅ።» ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ግቢ ኖራም የሚጠሯት በመጣችበት አገር ስም ነው። «እኔ ግን ወንድሜ እጁን ሲያነሳ በዓይኔ አይቻለሁ። አንቺም አይተሻል። ታዲያ ምኑ ነው ውሸቱ?»

ችግሩ እሱ ነበር። ውሸት አልነበረም።

ኦጎላ ከሄደ በኋላም ወረቀቱ ጭኗ ላይ ቀረ። ሐሙስ ነው። ማጋክ ከሞተ አራተኛ ቀኑ ሲሆን ቅዳሜ ይቀበራል፤ አስከሬኑ ገና ከከተማ አልመጣም። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል፤ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል። ሴቶቹ በትልቅ ድስት ወተት የበዛበት ሻይ ያፈላሉ። ከሐይቁ በኩል መረብ ላይ የተሰጣው ኦሜና የሚባል ትንንሽ ዓሣ ሽታ ይመጣል። የሚገባው ለቀስተኛ ሁሉ እጇን ይጨብጥና ያንኑ ይላታል፦ እንኳንም ሳያምን አልሄደ፤ እንኳንም ለዚያ አበቃው። እሷ ራሷን ትነቀንቃለች። ለለቀስተኛ መልስ አይሰጥም።

የለበሰችው የማጋክን ኮት ነው። የሟች ሚስት የባሏን ኮት ትለብሳለች፤ ወጉ ነው፤ ማንም አልጠየቃትም፤ እሷም አልተከራከረችም። ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ክንዱ ላይ የጠመኔ ብናኝ አለ። የቀኝ ብብቱን ስፌት ሦስት ጊዜ ሰፍታዋለች። ሦስቴም የተተረተረው በአንድ ምክንያት ነበር።

ማክሰኞ የገበያ ቀን ነው። ፓስተር ኤሊያኪም በገበያው መሀል፣ ከቲማቲም ሻጮቹ ፊት ለፊት፣ ድምፅ ማጉያውን ተክሎ ይሰብካል። ማጋክ ደግሞ ፊዚክስ አስተምሮ ሲወጣ በቀጥታ ወደዚያ ይሄዳል፤ ከፊት ይቆምና ቀኝ እጁን ያነሳል። አይናገርም፤ አያቋርጥም። እድል እስኪሰጠው ድረስ ይጠብቃል። በክፍሉ ውስጥ ያወጣው ሕግም ይኸው ነበር፦ ጥያቄ ያለው እጁን ያነሳል፤ እስኪጠየቅ ድረስ አያወርድም። አንዳንድ ማክሰኞ አንድ ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ እንዲሁ ይቆማል። ኦሜና የምትሸጠው አሮጊት «መምህር፣ ዛሬ ደግሞ የስልክ ምሰሶ ሆነህ መጣህ?» ትለዋለች። እሱም ይስቃል፤ እጁን ግን አያወርድም።

ፓስተሩ እድል የሰጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት። «መምህራችን፣ እግዚአብሔር አመጣህ፤ ተናገር» አለው። ፓስተሩ ስለ ፍጥረት ወይም ስለ ዝግመተ ለውጥ የሚጠይቀው መስሎት ነበር፤ ለዚያ ተዘጋጅቷል። ማጋክ የጠየቀው ግን ስለ ጃሲንታ ነበር። ሁለተኛ ረድፍ ላይ የምትቀመጥ፣ የስኳር በሽታ ያለባት ተማሪው ናት። እዚያው ድምፅ ማጉያ ፊት ጸልየውላት ድነሻል ተባለች፤ መርፌዋን ጣለች፤ በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተች። ማጋክ እንዲህ አለ፦ «እርስዎ ለእናቷ ምን አሏት? ሌላ ጥያቄ የለኝም።»

ፓስተሩ ድምፅ ማጉያውን ወደ ራሱ መለሰ። ከዚያ «ለቤተሰቡ እንጸልይ» አለና መዘምራኑን አስነሳ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እጁን ያያል፤ አይጠይቀውም። አሥራ አንድ ዓመት።

ሚልካ ይህን ነገር ትወደው ነበር ማለት አይቻልም። ማክሰኞ ማክሰኞ ታፍር ነበር። ስፌቱን በሰፋች ቁጥር «ስንት ዓመት አንድ ጥያቄ?» ትለዋለች። «እስኪመለስ» ይላታል። እሷ ምግብ ላይ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትጸልያለች፤ ከእናቷ የተረፈ ልማድ ነው፤ ታምን አታምን ራሷን ጠይቃ አታውቅም። ማጋክ እሷ ሳትጨርስ ኡጋሊው ላይ እጁን አይዘረጋም። እሑድ እሑድ ደግሞ እናቱን በሞተር ብስክሌት ቤተ ክርስቲያን ያደርሳትና ከዛፉ ስር ጋዜጣ እያነበበ ይጠብቃታል። ይህን በወረቀቱ ላይ የጻፈ የለም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዋሪንዳ ከናይሮቢ መጣ። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የማጋክ ጓደኛ ነው፤ ጠበቃ። ሃይማኖት የሌላቸውን ሰዎች ማኅበር የመሠረቱት ሁለቱ አብረው ነው። «ፖሌ፣ አዝናለሁ» ብሎ እጇን ጨበጠና ወዲያው ከቦርሳው የራሱን ወረቀት አወጣ። ነገ በመቃብሩ ላይ የሚያነበው ነው። «ሳይፈራና ሳይንበረከክ፣ እንደ ኖረ ሞተ» ይላል።

«አንተ እዚያ ነበርክ?» አለችው።

«አልነበርኩም። ግን ማጋክን አውቀዋለሁ።»

ሁሉም ያውቀዋል። ከእሷ በቀር ሁሉም።

ድንኳኑ ስር ፓስተሩና ጠበቃው ተገናኙ። ሻይ ተቀዳላቸው፤ ዳቦ ቀረበ፤ በትሕትና ጀመሩ። ወዲያው ወንበሮች ወደ እነሱ ዞሩ። ዋሪንዳ የመጨረሻ ትንፋሹ ላይ ያለን ሰው ማሳመን ምን ያህል ጀግንነት እንደሆነ ጠየቀ። ፓስተሩ በመስቀል ላይ ስለዳነው ወንበዴ ተናገረ። ዋሪንዳ የወንበዴውን ምስክር እንዲያመጣለት ጠየቀው። ሰው ሳቀ።

«ፓስተር፣ በሕይወት ሳለ አንድ ጥያቄውን አልመለሱም» አለ ዋሪንዳ። «ምላሱ ሲታሰር ነው ክርክሩን ያሸነፉት?»

ፓስተር ኤሊያኪም ዳቦውን ሻዩ ውስጥ ነከረ። «አንተ ጠበቃ አይደለህም እንዴ? ደንበኛህ ዳኛው ፊት ቀርቧል። አንተ ገና ከውጭ በር ላይ ከዘበኛው ጋር ትጨቃጨቃለህ።»

ሳቁ ባሰ። አንድ አጎት ማጋክ ሰማይ ከገባም በሩ ላይ ቆሞ መላእክቱን ማስረጃ እየጠየቀ ሰልፉን ሳያስረዝም አይቀርም አለ። ሚልካ የወጥ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ሰማች። የሁለቱም ድምፅ ደስ ያለው ሰው ድምፅ ነበር። ባሏ በመሀላቸው እንደ ገበያ በሬ ቆሟል፤ አንዱ ቀንዱን ይዟል፤ አንዱ ጅራቱን።

ተነሥታ ልትናገር ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃት ነበር። ግን የማጋክ እናት ከጓዳ ጠራቻት።

አሮጊቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ በእጇ የታተመውን ወረቀት ይዛለች። ማንበብ አትችልም። መስመሩን በጣቷ አሳየቻት፤ ኦጎላ የትኛው እንደሆነ ነግሯት ነበር።

«አንቺ አትዋሺኝም» አለቻት። «ልጄ እጁን አነሳ?»

«አነሳ፣ እማማ።»

«በየትኛው እጁ?»

«በቀኙ።»

አሮጊቷ ዓይኗን ጨፈነች። ፊቷ ላይ የመጣው እረፍት ሚልካን አፏን ዘጋት። ይህች ሴት ሰባት ወልዳ አምስት ቀብራለች፤ የቀራት ተስፋ ይህ መስመር ብቻ ነው።

«ልጅ ሳለ በጸሎት መሀል እጁን ያነሳ ነበር» አለች እናትየው፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። «አባቱ ይገርፈዋል፤ በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ያነሳል። አንድ ቀን ምን ፈልገህ ነው አልኩት። ማንም አልጠየቀኝም አለኝ።»

 

ሆስፒታሉ ውስጥ የሆነው እንዲህ ነበር። ደም ሥሩ ጭንቅላቱ ውስጥ ከፈነዳ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ መናገር አቅቶታል፤ ግራ ጎኑ ሞቷል። ሚልካ በፔርሙስ ፍል ውሃ ልትቀዳ ወረደች። ስትመለስ ኦጎላ ፓስተሩን ይዞ ገብቷል። ፓስተሩ አልጋው ላይ ጎንበስ ብሎ ጌታን ከተቀበልክ እጅህን አንሳ ይለዋል። የማጋክ ቀኝ እጅ ተነሣ። ፓስተሩ አሜን አለ፤ ኦጎላ አለቀሰ። እጁ ግን አልወረደም። ፓስተሩ ቀስ አድርጎ ይዞ ደረቱ ላይ አስተኛው። እጁ ተመልሶ ተነሣ። «እዩት፣ መንፈስ ሞልቶታል» አለ ፓስተሩ። ማጋክ ዓይኑን ወደ በሩ አዞረና እሷን አያት።

ምን ማለቱ እንደሆነ እርግጠኛ አልነበረችም። አሁንም አይደለችም። ማመኑም ሊሆን ይችላል፤ ሞት የሚያደርገውን ማን ያውቃል? መጠየቅ ትችል ነበር። አዎ ከሆነ ዓይንህን ጨፍን፣ አይ ከሆነ ክፈት ማለት ይበቃት ነበር። እሷ ግን ፔርሙሱን እንደያዘች ሰው ፊት አፈረች፤ እንደ ማክሰኞዎቹ ሁሉ። ሁለቱ ሲወጡ እጠይቀዋለሁ አለች። ሁለቱ ሲወጡ ማጋክ ራሱን ስቶ ነበር።

ቅዳሜ አስከሬኑ በቤቱ በስተቀኝ፣ ከተቆፈረው ጉድጓድ አጠገብ ድንኳን ስር ዋለ። የትምህርት ቤቱ ልጆች የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው መጥተዋል። ዋሪንዳ ሦስት ደቂቃ ተሰጠው፤ ማንበብ ሲጀምር ድምፅ ማጉያው ተበላሸ። ወረቀቱን ለፊተኛው ረድፍ ብቻ አንብቦ ተቀመጠ። ፓስተሩ ሲነሣ ድምፅ ማጉያው ዳነ።

ፓስተር ኤሊያኪም የሆስፒታሉን ነገር አንድ በአንድ ተናገረ። አልዋሸም፤ ያየውን ነው የተናገረው። ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ዞረ። «መምህራችሁ ዕድሜውን ሙሉ ተከራከረ፤ በመጨረሻ እጁን አነሳ። ዛሬ በሬሳው ፊት እንደ እሱ የሚያነሳ ማን ነው?»

ከሁለተኛው ረድፍ አንዲት ልጅ አነሳች። ቀጥሎ ሌሎች አምስት ስድስት። ሚልካ ከወንበሯ ተነሣች። ቀኝ እጇን አነሳች።

«ሃሌ ሉያ!» አለ ፓስተሩ። «ሚስቱም ተከተለችው!» መዘምራኑ ጀመሩ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ፓስተሩ ጸለየ፤ አሜን አለ፤ የልጆቹ እጆች ወረዱ።

የእሷ አልወረደም።

መዝሙሩ አለቀ። ቀጣዩ ተጀመረ፤ ከመሀሉ ቀጠነና ቆመ። መጀመሪያ የገባት ኦሜና ሻጯ ናት፤ አጠገቧ ያለችውን በክርኗ ነካች። ዝምታው ከዚያ ጀምሮ ወደ ኋላ ረድፎች ሄደ። ፓስተሩ እጁን አየ። ያንን የኮት እጅጌ ከጠመኔው ጋር አሥራ አንድ ዓመት አይቶታል።

«እህቴ፣ ጸልየናል እኮ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ ማጉያው ግን ለሁሉም አሰማው። «ማውረድ ትችያለሽ።»

እሷ ቆመች። አልተናገረችም፤ አላቋረጠችም። ኦጎላ ከኋላዋ መጥቶ እጅጌውን ያዘ። «ሰው እያየ ነው፣ የኡጌንያ ልጅ፤ ተቀመጪ» አላት፤ ጎተተም። የብብቱ ስፌት ተተረተረ። ድምፁን ፊተኛው ረድፍ ሰማው። ኦጎላ እንደተቃጠለ ሰው እጁን መለሰ።

ፓስተሩ የወረቀቱን ገጽ ገለበጠ፤ ቀጥሎ ያለውን ፈለገ፤ አላገኘውም። የሚልካ ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማጋክ አንድ ሰዓት ሙሉ እንዴት ይችለው እንደነበር አሁን አሰበች፤ አንድም ቀን ጠይቃው አታውቅም።

የማጋክ እናት ከትንሿ ወንበሯ ተነሣች። ሰው መንገድ ለቀቀላት። በምርኩዟ ሬሳውን ዞራ ስትመጣ ሚልካ ልታስወርደኝ ነው ብላ ተዘጋጀች፤ ለእሷ ስትል ካወረደችው ዳግመኛ እንደማታነሳው አወቀች።

አሮጊቷ አጠገቧ ደርሳ ቆመች። የታተመውን ወረቀት አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው። ምርኩዟን ሣሩ ላይ ጣለች። ከዚያ ሁለት እጆቿን ከሚልካ ክርን ስር አስገባችና ደግፋ ያዘችው።