የቨርሊን ዋስ

ቨርሊን ስቲደም ሰባ ሦስት ዓመት ሙሉ ለማንም ባለዕዳ ሳይሆን ኖረ፤ ጉዱ የፈላውም በዚሁ የተነሳ ነው።

ዕዳ የሚባል ነገር ስሙንም መስማት አይወድም። በልጅነቱ ከኬንተኪ ተራሮች ወርዶ ሲንሲናቲ የገባው ከአባቱ ጋር ነበር። አባቱ ያወረሰውም አንድ የመፍቻ ሳጥንና "የሰው ፊት እንዳታይ" የምትል ምክር ብቻ ነው። ስለዚህ ቨርሊን መኪናውን በጥሬ ገንዘብ ገዛ፤ ማቀዝቀዣውንም እንደዚያው። ባንክ አንድ ጊዜ የዱቤ ካርድ በፖስታ ቢልክለት በመቀስ ቆራርጦ ጣለው፤ ይህችንም ታሪክ ሰው ባገኘ ቁጥር ሳያወራ አያልፍም። ጎረቤቶቹ "ደግሞ ጀመረን!" እያሉ ይጠቃቀሳሉ። ግን ይወዱታል፤ የማን ቧንቧ ሲፈስ፣ የማን በር ሲላቀቅ የሚጠራው እሱ ነዋ።

ይህ ሰውዬ ታዲያ ሚስቱ ሎሬታ በሞተች በሦስተኛው ዓመት ፍቅር ያዘው። አዎ፣ ፍቅር! ምን ይደረግ፣ ልብ ጡረታ አይወጣ።

ሴትዮዋ ኢሞጂን ትባላለች። የተገናኙት በፋሲካ ፆም ወቅት፣ ቤተ ክርስቲያኑ በየዓርቡ በሥጋ ፋንታ በሚያዘጋጀው የዓሣ ጥብስ ላይ ነው። እሷ የጎመን ሰላጣ ስታድል እሱ "ኮምጣጤው በዝቷል" አላት። "እንግዲያው አትብላው፤ ማን ለመነህ?" አለችው። ቨርሊን በዚያ ቀን ሦስት ጊዜ ተሰልፎ በላ።

ኢሞጂን የምትኖረው በእህቷ ቤት ነበር። እህቷ የአረጋውያን መጦሪያ ስትገባ ቤቱ ተሸጠ፤ ቅዳሜ መልቀቅ ግድ ሆነ። ሁለቱ አዛውንቶች አብረው ለመኖር ተስማምተው ሰፈር ለሰፈር ሲዞሩ ኮረብታው ላይ አንድ ምድር ቤት አገኙ፤ ከኋላ በረንዳ አለው፣ ከበረንዳው ወንዙ ይታያል። ኢሞጂን በረንዳውን ከዳር እስከ ዳር በእርምጃ ለካችና "የቲማቲም ባልዲዎቼ በሙሉ ይገባሉ" አለች። ቨርሊን ፊቷ ሲበራ ሲያይ ነገሩ እዚያው አለቀለት። ሌላ ቤት ላይም አልሄዱም።

እንዳለመታደል ሆኖ አከራዩ መያዣ ይፈልጋል፤ የአንድ ወር ኪራይ ያህል፣ ሲገቡ የሚሰጥ፣ ቤቱን ሳያበላሹ ከለቀቁ የሚመለስ። ቨርሊን መያዣ የለውም አይባልም፤ ያለው ግን አሁን ከሚኖርበት ቤት አከራይ እጅ ነው። ያ ሰውዬ ደግሞ ቨርሊን ወጥቶ፣ ግድግዳው ተመርምሮ፣ አንድ ወር ካላለፈ አይመልስም፤ ሕጉም ይህን ይፈቅድለታል። ከፍራሽ ሥር የነበረው ቁጠባ በሎሬታ ሕመም አልቋል። የቀረው የመጀመሪያ ወር ኪራይ ቢሆን ነው።

ሰኞ ጠዋት ወደ አዲሱ ቤት አከራይ ቢሮ ሄደ። የምታስተናግደው ሻውኒስ የምትባል፣ የጥፍሯን ቀለም በየሳምንቱ የምትቀይር፣ ሳቂታ ሴት ናት።

"ሚስተር ቨርሊን፣ ለዚህ ነው የሚጨነቁት?" አለችው። "መያዣ ለሌለው ሰው አማራጭ አለን። አንድ ኩባንያ በእርስዎ ፋንታ ለባለቤቱ ይቆምልዎታል፤ እርስዎ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይከፍሉታል።"

"ከዚያ ስወጣ ይመልስልኛል?"

"እሱ እንኳ አይመለስም።"

"ቤቱ ቢበላሽ ግን ኩባንያው ይከፍላል።"

"ለባለቤቱ ይከፍላል፤ ከዚያ ዞሮ ከእርስዎ ይቀበላል።"

ቨርሊን ኮፍያውን አወለቀ። "ታዲያ እኔ በየወሩ የምከፍለው ለምኑ ነው ልጄ?"

"ዛሬውኑ ለመግባት ነዋ!" ብላ ሳቀች። "ካልፈለጉ ደግሞ መያዣውን ከፋፍለው በሦስት ወር ይክፈሉ። የትኛውንም ቢመርጡ ግን ማሽኑ ስምዎን ማየት አለበት" ብላ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች።

ስሙን ጻፈች። ጠበቀች። እንደገና ጻፈች፤ ፊደሉን ጠይቃው ለሦስተኛ ጊዜ ጻፈች።

"ሚስተር ቨርሊን፣ የሉም።"

"ምን ማለት ነው የለሁም? ይኸው ፊትሽ ተቀምጫለሁ!"

"ማሽኑ ላይ ማለቴ ነው። ተበድረው አያውቁም እንዴ?"

"በሕይወቴ!" አለ ደረቱን ነፍቶ። ይህቺን ጥያቄ የሚጠይቀው ሰው ሲጠብቅ ነው የኖረው።

"አዬ!" አለች ሻውኒስ ከልቧ አዝና። "ችግሩ እሱ ነዋ። ተበድሮ የማያውቅ ሰው ይክፈል አይክፈል ማሽኑ በምን ይወቅ?"

ቨርሊን ቱግ አለ። "ስለዚህ ቀማኛ ብሆን ይሻለኝ ነበር!"

"ቀማኛ እንኳ ምን ያደርጋል፤ አንድ ሶፋ በዱቤ ቢገዙ ይበቃ ነበር።"

ኢሞጂንስ? የሟች ባሏ የሆስፒታል ዕዳ ስሟን አጉድፎት ማሽኑ ላይ አለች፤ ባትኖር ይሻላት ነበር። ለአንዱ ዕዳ ማጣት፣ ለሌላዋ ዕዳ መብዛት! እንዲህ ያለ አገር ነው።

"አንድ መንገድ ቀርቷል" አለች ሻውኒስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ዋስ። ደሞዝ ያለው፣ ማሽኑ የሚያውቀው ሰው መጥቶ ይፈርምልዎት። ልጅ የለዎትም?"

"አለችኝ" አለ ቨርሊን፣ ጥፋት እንደሚናዘዝ ሰው።

"በቃ እሷን ያምጧት። እስከ ዓርብ ቀትር እይዝልዎታለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ወረፋ የሚጠብቁ አሉ።"

ልጁ ሮንዳ የተማሪዎች አውቶቡስ ትነዳለች። ቁጡ ናት፤ አምሳ ተንጫጪ ልጅ በመስታወት ዐይታ ብቻ ጸጥ ታሰኛለች። ኢሞጂን የመጣች ሰሞን አንድ ጊዜ "ያቺ ሴትዮ" ብላ ስትጠራት ቨርሊን ሰማ፤ ሰምቶም አፉን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ልጁ ቤት የሚሄደው ለብቻው ነው፤ ስለ ኢሞጂንም አያነሳም። አሁን ደግሞ ሄዶ "ከያቺ ሴትዮ ጋር እንድኖር ዋስ ሁኚኝ" ሊላት ነው? ሞቶ ነው!

ይህንኑ ለኢሞጂን ነገራት። እሷ ሳህኖቿን በጋዜጣ እየጠቀለለች ካርቶን ውስጥ ትደረድር ነበር።

"ካልሆነ እንግዲህ ልጄ ቅዳሜ መኪና ይዞ ይመጣል" አለች። ልጇ ያለው ቴነሲ ነው፤ ሩቅ። "እዚያም ፀሐይ አለ፤ ቲማቲሙ ይበቅላል።"

"እኔስ?"

"አንተማ አትበቅል፤ ግትር ነህ" ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ወዲያው ከሰመ። ሳህኑን አስቀመጠችና "ቨርሊን፣ እኔ መሄድ አልፈልግም። ልለምንህም አልፈልግም። ልጅህን ጠይቃት" አለችው።

"እምቢ ብትለኝስ?"

"እምቢ ትበልህ! እምቢ የተባለ ሰው ሞቶ ያውቃል?"

ቨርሊን ይህን ሁሉ ዘመን አንድም ሰው ለምኖ ስለማያውቅ፣ እምቢ የተባለ ሰው ምን እንደሚሆን በእርግጥ አያውቅም ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት ሮንዳ ከሥራ ስትመለስ የማዕድ ቤቷ ወለል ላይ ሁለት እግሮች ተዘርግተው አገኘች። የቀረው የአባቷ አካል ዕቃ ማጠቢያው ሥር ገብቷል። የቤቷ ቁልፍ አለው።

"አባዬ፣ ምን እያደረግክ ነው?"

"ቧንቧሽ ያንጠባጥባል።"

"አያንጠባጥብም።"

"ሊያንጠባጥብ ነው።"

ሮንዳ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። አባቷ ከባድ ነገር ሲኖረው ፊት ለፊት መናገር አይችልም፤ የእናቷን በሽታ እንኳ የነገራት መኪናዋ ሥር ተኝቶ፣ ዘይት እየቀየረ ነው።

"ታመሃል" አለች። "ሐኪሙ ምን አለህ? ንገረኝ አባዬ፣ በእማዬ ሞት!"

"ኧረ አልታመምኩም!" ብሎ ሲነሳ ግንባሩ ከቧንቧው ጋር ተላተመ። "ወይኔ! ቤት ልከራይ ነው። ከኢሞጂን ጋር። የቢሮዋ ሴትዮ ለአንድ ኩባንያ በየወሩ ክፈል አለችኝ፤ ማሽኑ አላውቀውም አለኝ፤ ዋስ አምጣ ተባልኩ፤ እስከ ነገ ቀትር። ካልሆነ ቴነሲ ትሄድብኛለች። በቃ፣ ይኸው ነው።"

ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈው። ሮንዳ እዚያው ወለሉ ላይ ዘፍ አለች። መጀመሪያ ሳቀች፤ የድንጋጤ ሳቅ ነው። ከዚያ ተናደደች።

"ይህን የሰማኸው መቼ ነው?"

"ሰኞ።"

"ዛሬ ሐሙስ ነው!"

"አዎ።"

"ከማሽኑ በኋላ፣ ከቢሮዋ ሴትዮ በኋላ፣ ከሁሉም በኋላ እኔ። ለማታውቀው ኩባንያ በየወሩ ልትገፈግፍ ነበር፤ ልጅህን አንዲት ፊርማ ከምትጠይቅ!"

"አትወጃትም ብዬ ነው" አለ ቨርሊን፣ አሁንም ከማጠቢያው ሥር።

"ውጣ ከዚያ! ፊቴን እያየህ ተናገር።"

እየተንፏቀቀ ወጣ። ግንባሩ ላይ እብጠት ወጥቷል። ሮንዳ ከማቀዝቀዣው በረዶ የሠራ የአተር ከረጢት አውጥታ ግንባሩ ላይ ለጠፈችለት፤ የእጇ ቁጣ ግን ገና አልበረደም ነበርና "ቀስ!" አሰኘው።

"እውነቱን ልንገርህ" አለች። "መጀመሪያ ሰሞን አልወደድኳትም። ለእማዬ ተቆርቁሬ ነው። ለእማዬ የማልቆረቆር ለማን ልቆረቆር? ግን ከዚያ በኋላ ስለሷ አንድ ቃል ነግረኸኝ ታውቃለህ? በፋሲካ ሦስት ሳህን ዘርግቼ ጠበቅኩህ፤ ብቻህን መጣህ።"

ቨርሊን ያን ሦስተኛ ሳህን ዐይቶታል። ለእሱ የመሰለው ግን የሎሬታ ቦታ ነው። ይህን ግን አልነገራትም።

"እሺ ወይስ እምቢ?" አለ ዝግ ብሎ።

"ነገ ጠዋት ሥራ አለብኝ" አለች ሮንዳ። የቢሮውን አድራሻ ትቶላት ወደ ቤቱ ሲሄድም እስከ መኪናው ሸኘችው እንጂ እሺ አላለችውም።

ዓርብ ቨርሊንና ኢሞጂን በጠዋቱ ቢሮ ገብተው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ኢሞጂን የቤተ ክርስቲያን ልብሷን ለብሳለች። ሻውኒስ በየደቂቃው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ታያለች፤ ቨርሊን ሰዓቱን ላለማየት ጫማውን ያያል። ቀትር ሊሞላ ሲል ኢሞጂን ቦርሳዋን አነሳችና "ምንም አይደል የኔ ሰው፣ ሞክረሃል" አለችው።

በዚህ መካከል አንድ ትልቅ ቢጫ አውቶቡስ መንገዱን ግማሽ ዘግቶ መስኮቱ ፊት ቆመ። ከኋላው ያሉ መኪኖች በጥሩምባ አደነቆሩት። ሮንዳ ወረደችና አንዱን ሾፌር በዐይኗ ገሥጻ ገባች።

"የት ነው የምፈርመው?" አለች።

ሻውኒስ ደስ ቢላትም ወጉን አልረሳችም። "ማስረዳት ግዴታዬ ነው። እነሱ ኪራይ ካልከፈሉ እርስዎ ይከፍላሉ። ቤቱን ካበላሹም እርስዎ። አንድ ቀን እንኳ ቢዘገዩ መጀመሪያ የሚደወለው ለእርስዎ ነው።"

"አይደወልላትም!" ብሎ ቨርሊን ብድግ አለ። "አንድም ቀን አይደወልላትም! እኔ በቁሜ እያለሁ ልጄን ማንም በስልክ አያስቸግራትም! እንዲያውም ስልኳን አትጻፊው!"

ሮንዳ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ይደወልልኝ" አለች።

"ሮንዳ..."

"ይደወልልኝ አልኩ! እማዬ ከሞተች ጀምሮ እንዴት እንደምትውል የምሰማው ከጎረቤቶችህ ነው። ስጠይቅህ 'ደህና ነኝ'፤ ስጠይቅህ 'ደህና ነኝ'። ከዚያ መጥተህ ያልተበላሸ ቧንቧ ትፈታልኛለህ። የሰው ፊት አላይም ትላለህ፤ እኔ ሰው ነኝ? እኔ ልጅህ ነኝ! ሲጎድልህ ቀድሞ የሚደወለው ለእኔ ይሁን። ይህን ካልፈቀድክ አልፈርምም፤ አውቶቡሴን ይዤ እሄዳለሁ።"

ውጭ ጥሩምባው ይጮሃል። ቨርሊን ወደ ኢሞጂን ዞረ፤ ኢሞጂን ጣሪያውን ታያለች፤ በዚህ አላግዝህም ማለቷ ነው። ወደ ሻውኒስ ዞረ፤ ሻውኒስ በቀለም ባጌጠው ጥፍሯ እንባዋን ትጠርጋለች።

"እሺ" አለ፣ ለራሱ ያህል።

"አልሰማሁም።"

"እሺ አልኩሽ እኮ! ይደወልልሽ!" አለና ተቀመጠ። ከተቀመጠ በኋላ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሮንዳ ግራ እጇን ማጅራቱ ላይ አሳርፋ በቀኟ ፈረመች።

ከዚያ ወደ ኢሞጂን ዞረች። ሁለቱ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ተያዩ። ሮንዳ ስልኳን አውጥታ ዘረጋችላት።

"ቁጥርዎን ይጻፉልኝ" አለቻት። "እሱ እንደሆነ እሺ ይበል እንጂ አይደውልም።"

ኢሞጂን መነፅሯን ከቦርሳዋ ፈልጋ አወጣችና ቁጥሯን አንድ በአንድ ጻፈችላት።